ካሜራዋን ያልከፈተችው ዘውድነሽ

ዘውድነሽ ሞተች። ወሬውን ያየሁት እሁድ ጠዋት አማን ከተማ ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም ነው። ድሮ አብረን የተማርን ሰዎች የከፈትነው የስልክ ግሩፕ አለ። «የቱሟ ዘውድነሽ ትናንት አርፋለች፤ ቀብሯ ዛሬ ነው» ይላል። ታማለች ሲባል እንኳ አልሰማንም ነበር። ከሥሩ ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር እየተባለ ይወርዳል፤ የሻማ ምስል፣ የተጣጠፈ እጅ ምስል። ከዚያ መሃል ደረጀ የሚባለው የክፍላችን ሰው ምን ብሎ ይጽፋል? «አይ ዘውዴ፣ ካሜራሽን ሳትከፍቺ ሄድሽ።» ከሥሩም የሚስቅ ፊት ያስቀመጡለት ነበሩ።

ደሜ ፈላ። ሰው ሞቶ፣ ገና አፈር ሳይለብስ፣ ቀልድ! መልስ መጻፍ ጀመርኩና አጠፋሁት፤ እንደገና ጀመርኩና አጠፋሁት። በሁለት መስመር የሚመለስ ነገር አልሆነልኝም። ስለዚህ ይኸው በረዥሙ እየመለስኩ ነው። ዘውድነሽ ካሜራዋን ያልከፈተችው ስላልቻለች አይደለም። ቤቷ አሳፍሯትም አይደለም። አልከፍትም ብላ ነው። ይህን አስቀድመን እንያዝና እንቀጥል።

የተዋወቅነው ሁላችንም የአንደኛ ደረጃ መምህራን ሆነን ዲፕሎማችንን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ የተመዘገብን ጊዜ ነው። የኮሌጁን ስም አልጠራም። ዋናው ግቢው ሩቅ ከተማ ነው፤ እዚህ አጠገባችን ሚዛን ላይ ግን የፎቅ ቤት ተከራይቶ ነበር። የመጀመሪያውን ክረምት በአካል ተገናኝተን ተማርን። ከቴፒ፣ ከሸኮ፣ ከማጂ፣ ከየአቅጣጫው የመጣን፣ ጫማችን ጭቃ የጠገበ፣ አብዛኞቻችን ልጆች ያሉን ሰዎች ነበርን። እኔን የክፍል ተጠሪ አድርገው መረጡኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቤቴ ቅርብ ስለሆነ ይመስለኛል።

ዘውድነሽ ያኔ አርባን ልትደፍን ትንሽ የቀራት፣ ቀጭን፣ ጥቁር ሹራብ የማይለያት ሴት ነበረች። አያቶቿ ከሰሜን መጥተው ማጂ ላይ የሰፈሩ ናቸው። እሷ ግን ማጂ ተወልዳ ቱም የምታስተምር፣ ገበያ ላይ በአገሬው ቋንቋ በዲዚኛ ስትከራከር ባለቋንቋውን የምታስንቅ ናት። ስትናገር ድምጿን ከፍ አታደርግም። ስትቆጣ ጭራሽ ዝቅ ታደርገዋለች፤ ያኔ ነው መፍራት። አንድ አባባል ነበራት፤ «ማን ፈቀደልህ?» የምትል። እንደ ስድብ አይደለም የምትለው፤ የእውነት ትጠይቅሃለች፣ መልሱንም ትጠብቃለች።

መጀመሪያ የሰማኋት በዚያው ክረምት ነው። አንዲት ልጅ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ ትታ ወጣ አለች። ስልኩ ጮኸ። ደረጀ አነሳውና ድምፁን ቀይሮ «ሄሎ፣ እሷ አሁን ከእኔ ጋር ናት» ብሎ ይቀልዳል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ስቄያለሁ። ዘውድነሽ ተነስታ አጠገቡ ቆመች።

«ማን ፈቀደልህ?» አለችው።

«ቀልድ ነው እኮ ዘውዴ።»

«ቀልድ መሆኑንማ አያለሁ። የጠየቅኩህ ማን እንደፈቀደልህ ነው።»

መልስ እስኪሰጣት ድረስ ከአጠገቡ አልሄደችም። በመጨረሻ «ማንም» ሲል ስልኩን ከእጁ ወስዳ ቦታው መለሰችው። በዚያን ቀን ያቺን ልጅ ባሏ ቀንቶ ምን እንዳደረጋት በኋላ ሰምተናል። እዚህ አልጽፈውም።

ክረምቱ አለፈ፤ ዝናቡ ግን አላለፈም። የእኛ አገር ዝናብ ወር አያውቅም። መንገዱ በየቦታው ተቆረጠ። ከቱም ሚዛን ለመድረስ መኪና ውስጥ ከመቀመጥ ይልቅ መኪና መግፋት በዛ። ኮሌጁም ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በኦንላይን ትማራላችሁ አለን። መምህራኑ ካሉበት ከተማ ሆነው ያስተምራሉ፤ እኛም በየቤታችን ሆነን በስልካችን እንከታተላለን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እንደ ሠርግ ነበር። ሁሉም ካሜራውን ከፍቶ ቤቱን ያሳያል። የሸኮው ልጅ ኔትዎርክ የሚያገኘው ቡና ማሳ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ቅርንጫፍ ላይ ስልኩን አስሮ ይማራል፤ ዶሮ በትከሻው ላይ ታልፋለች። የቴፒዋ ከቡና ጆንያ ክምር ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ደረጀ ሱፍ በክራባት ለብሶ ቀረበ፤ ቻርጀር ሊሰካ ሲነሳ ግን ከታች ቁምጣ ነው። እኔ ከመድኃኔ ዓለም የቀን መቁጠሪያ ሥር ተቀምጬ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ግማሹ ካሜራውን ዘጋ። በሦስተኛው የቀረን ጥቂቶች ነበርን። ሰነፎች አድርጎ የሚያየን ካለ ይሳሳታል። አንዷ ስልኳ ካሜራ ሲከፈትበት እንደ ምጣድ እየጋለ ይጠፋባታል። አንዱ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ተኝቶ፣ ለብሶ፣ ተጣልቶ፣ ታርቆ የሚኖር ሰው። ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ አይፈልግም። እኔ በራሴ ስንት ዓመት የኖርኩበት ግድግዳ መሰንጠቁን ያየሁት በዚያች ትንሽ መስኮት ውስጥ ነው።

የሥነ ትምህርት መምህራችን መምህር ኤልያስ ይባላል። ሠላሳ ያልሞላው፣ ጎበዝ፣ ትምህርቱን የሚያውቅ ልጅ ነው። እሱ ሁልጊዜ ከጀርባው ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ነበረው። መጻሕፍቱ እውነተኛ እንዳልሆኑ፣ ኮምፒውተሩ የሚቀባለት ሥዕል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ራሱን ሲያወዛውዝ ጆሮው መደርደሪያው ውስጥ ይገባ ነበርና። አንድ ቅዳሜ ትምህርቱን አቁሞ ዝም ብሎ አየን።

«ጥቁር ሳጥን ማስተማር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አለን። «እቀልዳለሁ፤ የሚስቅ የለም። እጠይቃለሁ፤ የገባው ይኑር ያልገባው አላውቅም። ብቻዬን የማወራ እብድ ሆንኩ። ከዛሬ ጀምሮ ካሜራ ያልከፈተ ቀሪ ነው። ቀሪው የበዛበት ደግሞ ፈተና አይቀመጥም።»

እውነቱን ለመናገር አሳዘነኝ። አንድ በአንድ ካሜራ ተከፈተ። ጆንያው ተመለሰ፣ ዶሮዋ ተመለሰች። አንዲት ሳጥን ብቻ ጥቁር እንደሆነች ቀረች።

«ዘውድነሽ፣ ካሜራሽን ክፈቺ።»

«አልከፍትም፣ መምህር። ምክንያቱን በስልክ እነግርዎታለሁ።»

እሱ በዕድሜ ቢያንሳትም አንቺ ይላት ነበር፤ እሷ እርስዎ ትለዋለች። የነገረችው ምክንያት ይህ ነው። ታናሽ እህቷ ትርንጎ አራስ ናት። ባሏ ወርቅ ፍለጋ ዲማ ወርዶ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል፤ ስለዚህ ከዘውድነሽ ጋር በአንዲት ክፍል ነው የሚኖሩት። ኢንተርኔት ደግሞ የሚገባው በአንድ መስኮት ብቻ ነው፤ የአራሷ አልጋ ባለበት በኩል። ከዚያ ፈቀቅ ካለች ተራ ስልክ ካልሆነ በቀር የትምህርቱ ድምፅ እንኳ አይሰማም።

መምህር ኤልያስ ለእኔ ደውሎ «አንተ ተጠሪ አይደለህ? አሳምናት» አለኝ። ደወልኩ። «ቆይ ልውጣ» አለችና በረንዳ ወጣች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው እየጮህኩ ነበር የማወራት።

«ዘውዴ፣ ጋቢ ወጥሪና ከጋቢው ፊት ተቀመጪ። በቃ፣ አለቀ።»

«አንተ፣ ከመንገድ የመጣ ሰው ሳያርፍ አራስ ቤት ዘው ይላል?»

«አይልም።»

«እናንተ ከስንት አገር ነው የምትመጡብኝ? ክፍል ሙሉ ሰው፤ ሳታርፉ፣ ሳትጠሩ።»

«ከጋቢው ጀርባ ማንም አያያትም እኮ።»

«እሷ እንዳላያችኋት በምን ታውቃለች? ልጅቷን ለማጥባት ደረቷን ስትከፍት ጋቢው ወደቀ አልወደቀ እያለች ትጨነቅ? በገዛ አልጋዋ ላይ እንግዳ ትሁን? እኔ ፊቴን ላሳይ እችላለሁ፤ ፊቴ የኔ ነው። እሷን ግን ማን ፈቀደልኝ?»

«ቀሪ ሲበዛብሽ ፈተና ትከለከያለሽ። ዲግሪው ይቀራል።»

«ይቅራ» አለችኝ። ከዚያ ሳቀች። «አይቀርም ግን።»

ዲግሪው ለእሷ ወረቀት ብቻ አልነበረም። ሦስት ነፍስ በአንድ የመምህር ደመወዝ ነው የሚኖሩት። ቱም ላይ የላይኛውን ክፍል ለማስተማር፣ ነገ ርዕሰ መምህርት ለመሆንም ያለ ዲግሪ አይታሰብም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷ ከሁላችንም በላይ ታውቃለች። እያወቀች ነው አልከፍትም ያለችው።

ሌላው ሰው ካሜራውን ዘግቶ ይተኛ ይሆናል። ዘውድነሽ ግን ማይክሮፎኗን ከፍታ ነበር የምትማረው። ሰው ፊት ለፊት ሲያወራህ ትንፋሽህን ወደ ውስጥ ስበህ «እህ» የምትለው ነገር አለ አይደል? ያንን ትለው ነበር። መምህሩ አንድ ሐሳብ ሲጨርስ «እህ»። ካልገባት ዝም ትላለች፤ ዝም ስትል እሱ ራሱ መልሶ ያብራራል። አብሮ የቱም ዝናብ ይሰማል፣ አንዳንዴም ሕፃኗ ታለቅሳለች። መጀመሪያ «ድምፅሽን ዝጊ» ይላት ነበር። እሷም «ብቻዬን አወራለሁ ብለው አልነበር? መኖሬን ይወቁ ብዬ ነው» አለችው። ከዚያ ወዲህ ዝጊ አላላትም። ስም ሲጠራ ግን «ዘውድነሽ» ይላል፤ «አለሁ» ትላለች፤ «ቀሪ» ይላል። በየሳምንቱ እንዲሁ። አለሁ። ቀሪ። በአፏ አለሁ ያለችን ሴት ቀሪ ማለት ምን ዓይነት ሒሳብ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አንዳንዴም ድንገት ይጠይቃት ነበር፤ ሌላ ሰው ያስቀመጠች እየመሰለው። መልሱን ከነምሳሌው ትነግረውና «ሌላ ጥያቄ አለዎት?» ትለዋለች።

ትርንጎ የወለደችው ሴት ስለነበረች ክርስትናው ዘገየ። ሲደርስ ደስ አለኝ፤ ለእናቲቱ ሳይሆን ለዘውድነሽ። ወዲያው ደወልኩላት።

«እንኳን ማርያም አሳደገቻት። አሁንስ ትከፍቻለሽ?»

«አልከፍትም።»

«አራስነቱ አበቃ አይደል እንዴ? ምክንያትሽ አለቀ!»

«ምክንያቴ አለቀ። እምቢታዬ ግን አላለቀም።»

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። እንዲህ ዓይነት ደረቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል?

«ስማኝ ተጠሪ» አለችኝ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አሁን ብከፍት፣ ምክንያት ያለው ብቻ ይቅር ይባላል ማለት ነው። ምክንያቱን ደግሞ ለመምህሩ ማስረዳት አለበት። እኔ የማስረዳው ነበረኝ፤ አራስ ማለት አያሳፍርም። ባሏ ፊቷን ያበለዛት ምን ብላ ታስረዳ? ቤቱ የከብት በረት የሆነበት ምን ብሎ ያስረዳ? አልፈልግም ማለት ለምን አይበቃም? ልማር ነው የመጣሁት። ስጠየቅ እመልሳለሁ። ቤቴ ግን ክፍል አይደለም።»

«እሺ፣ ፈተናውስ?»

«ፈተናውን እቀመጣለሁ።»

«ቢከለክሉሽስ?»

«ከደጁ እቀመጣለሁ።»

ለመምህር ኤልያስ ምን ብዬ እንደምነግረው ቸገረኝ። «አልተሳካልኝም» ብዬ ዘጋሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ በክፍሉ ፊት «አንድ ቀሪ ከተጨመረብሽ ፈተና የለሽም» አላት። «ሰምቻለሁ» አለች። ሌላ አልተናገረችም። እኛም ሁላችን ሰምተናል፤ ከእኛ መሃል ግን አንድ ቃል የተነፈሰ አልነበረም።

ነገሩ የተቀየረው በዚያው ቀን፣ ትምህርቱ ገና አጋማሽ ላይ እያለ ነው። እሱ ያለበት ከተማ መብራት ጠፋ። ቤተ መጻሕፍቱም እሱም ድርግም አሉ። ጥቂት ቆይቶ በስልኩ ተመልሶ ገባ። ስልኩን ኮምፒውተሩ ላይ አስደግፎ «ይሰማል? ይሰማል?» ይላል። በስልኩ ላይ ግን ቤተ መጻሕፍቱ የለም። ያለው ቤቱ ነው። ጠባብ የኪራይ ክፍል፤ መሬት ላይ የተዘረጋ ፍራሽ፣ ከግድግዳ ግድግዳ የታሰረ የልብስ ገመድ፣ ጄሪካን። ከጀርባው አንዲት ወጣት ሴት በሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ ፀጉሯን ትታጠባለች። ልብሷን እስከ ደረቷ አውርዳዋለች፤ ትከሻዋ፣ ጀርባዋ ባዶ ነው። ዓይኗ አረፋ ስለገባበት አታይም። እሱም ወደ እኛ ስለዞረ አያይም።

ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ ሳቀ፣ አንዱ «ኧረ!» አለ። ወዲያው ስልኬ ነዘረኝ። ደረጀ ምስሉን አንስቶ ግሩፑ ላይ ለጥፎታል፤ «የመምህራችን ቤተ መጻሕፍት» ብሎ።

«አንተ ልጅ፣ ስልክህን ወደ ግድግዳው አዙረው። ቶሎ!»

ዘውድነሽ ናት። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። እናት ልጇን ከእሳት ላይ እንደምትጠራው ነው የጠራችው። ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ አዞረው። ስንጥቅ ግድግዳ ታየ። ከማይታየው በኩል የሳፋ ድምፅ፣ ከዚያ የሴት ጩኸት ተሰማ።

«ደረጀ» አለች ዘውድነሽ፣ በዚያ በዝቅተኛው ድምጿ። «አጥፋው።»

«ሳቅ ነው እኮ ዘውዴ፣ ምን...»

«እሷ ስቃለች?»

ደረጀ ክራባቱን አላላ።

«ማን ፈቀደልህ? ሰውየው እንኳ መፍቀድ አይችልም፤ ገላዋ የሷ ነው። አጥፋው። ያወረዳችሁትም አጥፉ። ያያችሁትን ደግሞ አላያችሁም።»

አጠፋው። እኔም ተጠሪ ነኝና አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠራሁ ማጥፋታቸውን አረጋገጥኩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከመምህር ኤልያስ በኩል የሚታየን ግድግዳው ብቻ ነበር። በመጨረሻ ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ነበር የሚመስለው። «ለዛሬ ይብቃን» አለ።

«እሺ መምህር» አለችው። «ምዕራፍ ሦስት ላይ ነበርን፤ ቅዳሜ ከዚያ ይቀጥላሉ።»

ያን ዕለት እኔ ዘውድነሽን ብሆን ኖሮ አልለቀውም ነበር። «አሁን ገባህ? ቤት ማለት ምን እንደሆነ አየኸው?» እለው ነበር፤ ክፍል ሙሉ ሰው እየሰማ። ይህንኑ ስነግራት «ምን ልበለው? ራሱ አየው አይደል» አለችኝና ወሬውን ወደ ትርንጎ ልጅ ሳቅ አዞረችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ አልመጣም። መምህሩ ባዶ ግድግዳ ፊት ተቀምጦ ስም መጥራት ጀመረ። ሁላችንም ጆሯችንን ቀስረናል፤ ያቺ አንድ ቀሪ ዛሬ ናትና።

«ዘውድነሽ።»

«አለሁ።»

ቆየ። እሱ ሲቆይ የቱም ዝናብ ይሰማ ነበር።

«አለሽ» አለ። ቀጠለ።

ከእሷ ቀጥሎ የምትጠራው ያቺ ስልኳ ላይ የተቀለደባት ልጅ ነበረች። ስሟ ሊጠራ ሲል ካሜራዋን ዘጋችው። «አለሁ» አለች። አለሽ አላት። የሸኮው ልጅ ከነዶሮው ጠፋ፤ «አለሁ»። ጆንያው ጠፋ፤ «አለሁ»። እኔም የቀን መቁጠሪያዬን ዘጋሁ። ስም ጠርቶ ሲጨርስ ደረጀ ብቻ ሱፉን ለብሶ ቁጭ ብሏል። ከዚያ ትምህርቱ ተጀመረ። መምህሩ አንድ ሐሳብ ሲጨርስ ከቱም «እህ» መጣ፤ ከቴፒም «እህ»፤ ከሸኮም። አንዱ ቀልድ ተናገረ፤ ሳቅን። ፊት ለፊት ብንሆን ከዚያ በላይ የምንሰማማ አይመስለኝም።

በዚህ አለቀ እንዳትሉ ግን። በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ሌላ መምህር መጣና ያንኑ ሕግ አመጣ። ዘውድነሽም ያንኑ መልስ መለሰች። ይኸኛው ግን ልቡ ደንዳና ነበር፤ ፈተና ባይከለክላትም የተሳትፎ ነጥቧን ቆርጦ ሲ ሰጣት። ቢ የሚገባት ነበር። እኔ ተናደድኩላት፤ አቤት እንበል አልኳት። «ተወው» አለችኝ፤ «ሲዬን ወድጄ ነው የገዛኋት።»

ተመረቀች። ለምርቃቱ ሚዛን መጣች፤ ትርንጎም ልጇን አዝላ አብራት መጣች። ዘውድነሽ ፎቶ ትጠላ ነበር የሚል ሰው ካለ ያን ቀን አላያትም። ጋዋኗን ለብሳ ቆማ ተነሳች፣ ተቀምጣ ተነሳች፣ ከእኔ ጋር ተነሳች፣ ቆቡን ሕፃኗ ላይ ደፍታ ተነሳች። ፎቶ አንሺው «ትንሽ ፈገግ በይ እናቴ» ሲላት ጥርሷ ሁሉ ታየ። የፈለገች ቀን ታየች። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የጠለቀ ፍልስፍና የለውም።

ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። በማግስቱ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ገብቼ ቱም የደረስኩት ቀኑ ከመሸ በኋላ ነው። ጠዋት ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ በተማሪዎቿና በገበያ ሴቶች ተሞልቷል፤ በአማርኛም በዲዚኛም ይለቀሳል። ትርንጎ አወቀችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ አብጦ፣ ድምጿ ተዘግቷል። ልጅቷ እግር አውጥታ በሰው መሃል ትሮጣለች።

«አብራችሁ የተማራችሁትን ንገረኝ» አለችኝ። «ትምህርቷን ነው የምወደው። በመስኮቱ ሥር ሆና «እህ፣ እህ» ስትል እሰማት ነበር።»

ነገርኳት። የምታውቀው መስሎኝ ነው የነገርኳት። ስለ ካሜራው፣ ስለ ቀሪው፣ ፈተና ሊከለክሏት ስለ መድረሳቸው፣ ለአራሷ ብላ እንደጀመረችው። ትርንጎ ማልቀሷን አቁማ ታየኝ ጀመር።

«የምን ካሜራ?»

«የትምህርቱ ነዋ። መምህሩ ክፈቺ ሲላት...»

«ትምህርቱ በድምፅ ብቻ ነው ብላኝ ነበር» አለች። «መምህሩን በጆሮ ማዳመጫ ስለምትሰማው የእሱ ድምፅ አይደርሰኝም፤ አልከፍትም ስትል ግን ሰምቻለሁ። ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ የመጽሐፍ ነገር ነበር የመሰለኝ።» አጠገባችን የተቀመጡት ሴቶች ወደ እኛ ዞሩ። «በእኔ የተነሳ ነው ዲግሪዋን ልታጣ የነበረው? ለምን አልነገረችኝም? እነሳላት አልነበር እንዴ! ጎረቤት ቤት እሄድላት ነበር። ልጄን ታቅፌ ማድቤት እቀመጥላት ነበር!»

«ታውቅ ነበር» አልኳት።

«ምኑን?»

«እንደምትነሺላት። ስለምታውቅ ነው ያልነገረችሽ።»